መሪ ሲታጠፍ የሚሰማ ድምፅ፦ አክስል ከመግዛትህ በፊት ድምፁ ምን እንደሚከተል ለይ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ደሴ ነው። በአውሮፓውያን 2003 የተሠራች ቶዮታ ኮሮላ አለችኝ፤ ለሥራ በየቀኑ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። ሦስት ዓይነት ድምፅ ታሰማለች። ከቆምኩበት መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፌ ስነሳ ከፊት እግሯ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ትላለች። የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ስወርድ ወደ ግራ በሚታጠፈው ኩርባ ላይ ጉምምም የሚል ድምፅ ይበረታል፤ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ይቀንሳል። ቆሜ መሪ ሳዞር ደግሞ ሲጢጥ ትልና አንዳንዴ ዷ ብላ ትለቃለች። ጋራዥ ‹ሁለቱንም አክስል ቀይር፣ ሁሉም ይጠፋል› አሉኝ። እውነት ነው? እስክትሠራስ መንዳት እችላለሁ?»

ምላሽ፦

አብሽር ወንድሜ፤ ድምፆቹን እንዲህ ለያይተህ መጻፍህ የሥራውን ግማሽ አቃሎታል። ሁለቱንም አክስል፣ ማለትም ጉልበትን ከማርሽ ሳጥን ወደ ፊት ጎማ የሚያደርሱትን ዘንጎች፣ ብትቀይር ግን የመጀመሪያው ድምፅ ብቻ ነው የሚጠፋው። ጉምጉምታውም ሲጢጥታውም ባሉበት ይቆያሉ። ያንተ መኪና ችግር አንድ ሳይሆን ሦስት ነው፤ ሦስቱም የፊት እግር ላይ ስለተሰበሰቡ አንድ ይመስላሉ እንጂ።

ከመታጠፍ ጋር የሚመጣ ድምፅ ሁሉ ከሦስት ነገሮች አንዱን ይከተላል። አንደኛው መሪውን ይከተላል፤ መኪናው ቢቆምም እጅህ መሪ ሲያዞር ይሰማል። ሁለተኛው የጎማውን ዙር ይከተላል፤ ፍጥነት ሲጨምር ይፈጥናል ወይም ይወፍራል። ሦስተኛው ሸክሙን ይከተላል፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል ወይም ጉድጓድ ሲመታ ብቻ ይመጣል። ድምፁ የትኛውን እንደሚከተል ካልታወቀ የሚገዛው መለዋወጫ ሁሉ ግምት ነው። መለዋወጫ በተወደደበት ጊዜ ግምት ኪስ ያራቁታል፤ ከዚህም የሚከፋው ዕቃ ስለተቀየረ ብቻ «ተሠርታለች» ብሎ አደገኛውን ብልሽት ይዞ ቁልቁለት መውረድ ነው።

ስለዚህ ነገ ጠዋት ወደ ኮምቦልቻ ከመውረድህ በፊት ሁለት ነገር እይ።

የመጀመሪያው የቸርኬ ዳዶ ነው። አራቱንም ጎማ በቁጥር 21 ቁልፍ ፈትሽ። ጎማ ጠጋኝ ዘንድ ገብታ ከነበረ ዳዶ ላልቶ መውጣት የተለመደ ነው፤ ላልቶ የሚሄድ ቸርኬ ኩርባ ላይ ጓ ጓ ይላል፣ ብሎኑንም ይበላል። ለዚህ ኮሮላ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው። የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ከሌለህ፣ ግማሽ ሜትር ርዝመት ባለው እጀታ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ገደማ መጫን ማለት ነው። በእግር መርገጥ ከዚህ እጅግ ያልፋል፤ ብሎን የሚቆርጠውም እሱ ነው።

ሁለተኛው የታችኛው ቦልጆይንት ነው፤ የታችኛውን የእግር ክንድ ከጎማው አቃፊ ብረት ጋር የሚያገናኘው ኳስ መሰል ማጠፊያ። ከሁሉም ድምፅ ይህን አስቀድመህ እንድትፈራው እፈልጋለሁ። የአክስል ጆይንት (መታጠፊያ) ቢጮህ ወይም ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ቢጎመጉም ጊዜ ይሰጥሃል፤ ቦልጆይንት ግን ከመቀመጫው ሲወጣ የፊት ጎማው ወደ ውጭ ይተኛል፣ መሪም አይታዘዝም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ያንን ልዩነት የምትወርደው በጥቂት ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ነው። እዚያ ላይ ጎማ ቢተኛ ማረፊያ የለህም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። ደሴ ደልዳላ መሬት ማግኘት ያስቸግራል፤ ቢሆንም ፈልግ። ማርሽ ወይም ፓርክ አስገባ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ በኋላ ጎማዎቹ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደግፍ። የፊቱን በክሪክ አንሳና በብረት ማቆሚያ አሳርፍ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር እጅህንም አታስገባ። ጎማው ተንጠልጥሎ እያለ አንድ እጅ ከላይ፣ አንድ እጅ ከታች ይዘህ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቅ። ክፍተት ከተሰማህ ሌላ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና እንደገና ነቅንቅ። ፍሬን ሲያዝ ክፍተቱ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማ ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተይዞም ካለ ቦልጆይንት ወይም የእግሩ ማያያዣ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ፍሬን ሲያዝ ዲስኩ የጎማውን መቀመጫና የኩሽኔታውን ቤት አንድ ላይ ያስራቸዋል፣ ኩሽኔታው የሚጫወትበት ቦታ ያጣል። ከዚያ ረጅም ብረት ጎማው ሥር አስገብተህ ወደ ላይ አንሳ፤ የታችኛው ክንድና የጎማው አቃፊ ብረት በሚገናኙበት ላይ ዓይንህን አሳርፍ። በኮሮላ ላይ በዓይን የሚታይ ከፍና ዝቅ ካለ አትውረድ፤ መኪናዋ ደሴ ላይ ትሠራ። ቦልጆይንቱ ከታችኛው ክንድ ጋር የተያዘው በአንድ ብሎንና በሁለት ዳዶ ነው፤ ጥብቀቱ 89 ኒውተን ሜትር ነው። ከላይ በኩል ያለው ዳዶ በመቆለፊያ ሽቦ ይታሰራል፤ ሽቦው ሁልጊዜ አዲስ ይሁን።

ሚኒባስ ወይም ፒክአፕ ያላችሁ ይህን ፍተሻ ስትሠሩ ክሪኩን ሻንሲው ሥር ሳይሆን የታችኛው ክንድ ሥር አድርጉ። የብዙዎቹ ክብደት የሚያርፈው በታችኛው ክንድ ላይ ስለሆነ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሲቆም ስፕሪንጉ ቦልጆይንቱን ወጥሮ ይይዘዋል፤ ያለቀው ደህና ይመስላል።

ይህ ሁለቱ ደህና ከሆነ ሦስቱን ድምፆች በየተራ እንያቸው።

ቀጭ ቀጭ ቀጭ

ይህ የጎማውን ዙር የሚከተል፣ መሪ ሲታጠፍና ጉልበት ሲሰጠው የሚበረታ ድምፅ ነው፤ ጋራዥህ እዚህ ላይ ልክ ነው። አክስሉ ጎማው ጋ የሚያልቅበት የውጭኛው ጆይንት ውስጥ ስድስት ብረት ኳሶች በጉድጓድ መንገዳቸው ላይ ይንሸራተታሉ። መሪው ቀጥ ብሎ ሲሆን ኳሶቹ የሚንቀሳቀሱት በጣም በትንሹ ነው፤ እስከ መጨረሻ ሲታጠፍ ግን በየዙሩ ከጫፍ ጫፍ ይመላለሳሉ። መንገዱ ላይ የተበላ ቦታ ካለ እያንዳንዱ ኳስ እዚያ ሲደርስ ዘለል ይላል፤ ቀጭ የሚለው ያ ነው።

ጆይንት በራሱ ዕድሜ የሚያልቀው ከስንት አንዴ ነው። የሚገድለው በላዩ ያለው የላስቲክ ሽፋን መቀደድ ነው። ሽፋኑ ሲቀደድ ግሪሱ በዙር ኃይል ተረጭቶ ይወጣል፤ በምትኩ አቧራና ውሃ ይገባል። የገራዶን ወይም የኩታበርን መንገድ በሐምሌ ጭቃ የሚመላለስ መኪና ሽፋኑ ተቀዶ ሳምንታት ከቆየ ውስጡ ያለው ግሪስ ሳይሆን መሞረጃ ነው። ስለዚህ የትኛው ወገን እንደሆነ በጆሮ ብቻ አትፍረድ። ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ሲታጠፍ የሚጮኸው የቀኙ ነው ይባላል፤ ሁልጊዜ ግን አይሠራም። መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፈህ ቸርኬው ጀርባ ባትሪ አብራ። በቸርኬው ውስጥ ፊት፣ በሞላው፣ ማለትም በስፕሪንጉ፣ እና በፍሬን ቱቦው ላይ ዙሪያውን የተረጨ ጥቁር ግሪስ ካለ የተቀደደው ያ ነው። የሽፋኑን እጥፋቶች በጣት እያላቀቅህ እይ፤ ስንጥቁ አብዛኛውን ጊዜ እጥፋቱ ሥር ይደበቃል።

ለማረጋገጥ ሰፊ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻ አጥፈህ በዝግታ ዙር፤ ወደ ፊት በሁለቱም አቅጣጫ፣ ከዚያ ወደ ኋላ በሁለቱም አቅጣጫ። ወደ ኋላ ሲኬድ ኳሶቹ የሚገፉት የመንገዱን ሌላ ግድግዳ ነው፤ የተበላው በየትኛው በኩል እንደሆነ ስለማይታወቅ ሁለቱም ይሞከር።

ሽፋኑ ተቀዶ ድምፅ ገና ካልጀመረ ጆይንቱ ይተርፋል። አክስሉ ይወጣል፤ ጆይንቱ ተፈትቶ በነዳጅ ይታጠባል፣ ይደርቃል፤ ኳሶቹና መንገዶቹ በብርሃን ይታያሉ። ጥፍርህ የሚይዘው ጉድጓድ ከሌለ፣ ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር የጆይንት ግሪስ ይሞላል፤ እንደ ጆይንቱ መጠን ከ100 እስከ 150 ግራም ገደማ ሲሆን ከሽፋኑ ጋር በከረጢት ይመጣል። ሙሉውን አስገባ። ተራ ግሪስ ይህን ጫና አይችልም። ተሰንጥቆ በማጣበቂያ የሚገጠመውን ሽፋን አልመክርህም፤ ጠጠር መንገድ ላይ ስፌቱ ቶሎ ይለቃል። ያንተ ግን ድምፅ ጀምሯል፤ ግሪስ መጨመር ለጥቂት ቀን ዝም ያሰኘዋል እንጂ የተበላ ብረት አይመልስም። ስለዚህ የሚጮኸው ወገን ጆይንት ወይም ሙሉ አክስል ይቀየራል። የሌላኛው ወገን ሽፋን ደህና ከሆነና ካልጮኸ አትንካው፤ «ሁለቱም ይቀየር» ለሚለው ምክንያት የለም።

ሲገዛ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። ጎማው ጋ የሚገባውን ጫፍ ጥርስ ቁጠር፣ ርዝመቱን አስተያይ። መኪናህ ኤቢኤስ ፍሬን ካላት አሮጌው ጆይንት ላይ ጥርስ ያለው ቀለበት ታያለህ፤ አዲሱም ሊኖረው ግድ ነው፣ አለበለዚያ የኤቢኤስ መብራት በርቶ ይቀራል። ያገለገለ አክስል ከሆነ በእጅህ አጥፈህ አዙረው፤ መንቆርቆር ወይም መያዝ ካለ ተወው።

የመፍታቱ ተራ ይህ ነው፤ ጋራዥ ሲሠራ ቆመህ ብታይም ይጠቅምሃል። ትልቁ የአክስል ዳዶ በቁጥር 30 ነው፤ ጠርዙ ወደ አክስሉ ቦይ ተደብድቦ ስለገባ በጠባብ መሮ ወደ ውጭ ይመለሳል። ዳዶው የሚላላው ጎማው መሬት ላይ እያለ፣ ፍሬን ተረግጦ ነው። ከዚያ መኪናው ይነሳል፣ ጎማው ይወጣል፣ የማርሽ ሳጥኑ ዘይት ይጎድላል፤ አክስሉ ሲሳብ በዚያው ቀዳዳ መፍሰሱ አይቀርም። የመሪ ዘንጉ ጫፍና ቦልጆይንቱ ይለያያሉ። አክስሉ ከጎማው መቀመጫ አልወጣ ሲል መዶሻ ጥርሱ ላይ አይመታም፤ አሮጌው ዳዶ ጫፉ ላይ እኩል ታስሮ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መዶሻ ይመታል። ከማርሽ ሳጥኑ በኩል በብረት ተፈልቅቆ ይወጣል፤ እዚህ ላይ የዘይት መያዣው ላስቲክ ከተፋቀ ነገ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። አዲሱ ሲገባ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት አዲስ ይሁን፤ ቀጭ ብሎ ሲቀመጥ ይሰማል፣ ሲሳብም አይወጣም። የፈሰሰው ዘይት በዓይነቱ ይተካል። አዲስ የአክስል ዳዶ በ216 ኒውተን ሜትር ይታሰርና ጠርዙ ይደበደባል። በ60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ከሆነ ጫፉ ላይ 37 ኪሎ ገደማ ነው።

ጉምጉምታው

ወደ ግራ ስትታጠፍ የመኪናው ክብደት ወደ ቀኝ ጎማዎች ያጋድላል። ድምፁ ያኔ ከበረታና ወደ ቀኝ ስትታጠፍ ከቀነሰ የሚጠረጠረው የቀኙ የጎማ ኩሽኔታ ነው። የፊቱ ነው የኋላው? ከፊት ከሆነ ብዙውን ጊዜ መሪውና የእግር ማሳረፊያው ላይ ይርገበገባል፤ ከኋላ ከሆነ መቀመጫው ሥር ይሰማል። ይህ ግን አቅጣጫ ማሳያ ብቻ ነው፤ ፍርዱ በክሪክ ላይ ነው።

ጎማውን አንሳ፣ በአንድ እጅ አዙር፣ ሌላኛውን እጅ ሞላው ላይ አሳርፍ። ያለቀ ኩሽኔታ ጆሮህ ባይሰማውም በሞላው በኩል ጣትህ ላይ አሸዋ እንደሚፈጭ ነገር ይሰማል። የግራውንም እንዲሁ አድርግና አስተያይ። ክፍተት መኖር ግድ አይደለም፤ ኩሽኔታ ሳይነቃነቅ ለብዙ ጊዜ መጎምጎም ይችላል። «አይነቃነቅም፣ ደህና ነው» የሚለው ፍርድ ብዙ ሰው ያሳስታል።

ኩሽኔታውን ከመፍታትህ በፊት ግን ጥፋቱ የጎማው አለመሆኑን ማረጋገጥ አለብህ። ፊቱ በየቦታው የተበላ ጎማ እንደ ኩሽኔታ ይጎመጉማል። መዳፍህን የጎማው ጥርስ ላይ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አንሸራት፤ በአንድ አቅጣጫ ለስልሶ በሌላው እንደ መጋዝ ከያዘህ ጎማው አለበት። የፊትና የኋላ ጎማዎችን አቀያይረህ አንድ ቀን ንዳ። ድምፁ ወደ ኋላ ከሄደ ኩሽኔታ አትግዛ፤ ጎማውን የበላው ያለቀ አሞርዛተር (የመኪናውን ንዝረት የሚያበርደው) ወይም የተዛባ አላይመንት (የጎማዎቹ አቅጣጫ) ነው፣ እሱን አስተካክል። ሞተሩን ከነገሩ ለመለየት ደግሞ ኮምቦልቻ ከወረድክ በኋላ ደልዳላ መንገድ ላይ 60 ደርሰህ ማርሽ አውጣና ስማ፤ ድምፁ ካልተለወጠ ከጎማ ነው። ይህን ሙከራ ሐረጎ ላይ አታድርገው። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ማውጣት መኪናውን በፍሬን ብቻ መያዝ ነው፤ ፍሬኑ ሲግል ይከዳል።

ያንተ ኮሮላ የኋላ ኩሽኔታ ከነመቀመጫው በአራት ብሎን የሚገጠም ስለሆነ ሥራው ቀላል ነው። የፊቱ ግን በፕሬስ ነው የሚገባው። ለዋጋ ተብሎ በመዶሻ የተገጠመ ኩሽኔታ አዲስም ሆኖ ይጎመጉማል፤ ኳሶቹ በመንገዳቸው ላይ ትናንሽ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋሉ። ፕሬስ የሌለው ጋራዥ ከሆነ የጎማውን አቃፊ ብረት ፈትቶ ፕሬስ ወዳለው ቶርኖ ቤት መላክ ይሻላል።

እዚያም ሁለት ነገር ጠብቅ። ኩሽኔታው ወደ ቤቱ ሲገባ የሚገፋው በውጭኛው ቀለበት ነው፤ ከዚያ የጎማው መቀመጫ ሲገባ ደግሞ የውስጠኛው ቀለበት ከሥር መደገፍ አለበት። ቦታው ከተለዋወጠ ግፊቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ ኩሽኔታው ከፋብሪካ እንደወጣ ይሞታል። አሮጌው ሲወጣ የውስጠኛው ቀለበት ግማሽ መቀመጫው ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በመሳቢያ ይወጣ እንጂ በድንጋይ መቁረጫ መቀመጫው አይቆሰል። መያዣው ቀለበት ወደ ቦዩ በደንብ ይግባ። መኪናው ጎማው ላይ የሚያርፈውም የአክስሉ ዳዶ በልኩ ከታሰረ በኋላ ነው፤ ኩሽኔታውን ጨምቆ የሚይዘው ያ ዳዶ ስለሆነ፣ ሳይታሰር መኪናውን መግፋት አዲሱን ያበላሻል።

ሲጢጥታውና ዷ የሚለው

ይህ ቆመህም ስለሚሰማ መሪውን የሚከተል ነው። ከጎማ ዙር ጋር ስለማይገናኝ አክስልም ኩሽኔታም አይደለም። ዷ ብሎ መልቀቁ ዋናውን ተጠርጣሪ ያሳያል፤ የአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫ። መሪ ሲታጠፍ ሞላውና አሞርዛተሩ አብረው መዞር አለባቸው፤ ከላይ ያለው ጠፍጣፋ ኩሽኔታ በአቧራና በዝገት ሲይዝ ሞላው መዞር አቅቶት ይጠመዘዛል፣ ከዚያ እንደ ተለቀቀ ክራር ክር ዷ ብሎ ይመለሳል።

ፈተናው አንድ ሰው ይፈልጋል። ሞተሩ ተነስቶ ሌላ ሰው መሪውን ከዳር ዳር በዝግታ ያዙር፤ አንተ መዳፍህን ሞላው ላይ ለጥፍ፣ ጣት ግን በጥምዝምዙ መሃል አታስገባ። የያዘው ወገን እየተወጠረ ሲዘል በእጅህ ይሰማሃል። ኮፈኑን ከፍተህ የአሞርዛተሩን አናት ብታይም ሲዘል ሊታይ ይችላል።

ሲቀየር የላይኛው የላስቲክ መቀመጫና ኩሽኔታው አብረው ይቀየሩ፤ ከቻልክ በሁለቱም ወገን፣ ምክንያቱም የሁለቱም ዕድሜ እኩል ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠንከር ብዬ ልንገርህ። የአሞርዛተሩን የመሃል ዳዶ ሞላው በመጨመቂያ ሳይታሰር ማንም አይፍታ። የታመቀ ሞላ ሲለቀቅ ሰው ይገድላል። በገመድና በሽቦ አስሮ መፍታትን የሚሞክር ካየህ መኪናህን ይዘህ ውጣ። መጨመቂያው በሁለት ተቃራኒ ጎን ይገባል፣ በተራ በተራ ጥቂት ዙር ይጠብቃል፤ ሞላው ከመቀመጫው ላይ ሲላላ ብቻ ዳዶው ይፈታል።

መቀመጫው ደህና ሆኖ ሲጢጥታው ከቀጠለ የደረቀ ቦልጆይንት ወይም የታችኛው ክንድ ጎሚኒ (የላስቲክ ማስገቢያ) ነው። ለመለየት በሳሙና ውሃ አንድ በአንድ ጎሚኒዎቹን አርስ፤ ሲርስ ዝም ያለው እሱ ነው። በሞተር ዘይት አትሞክር፤ ዘይት ላስቲክ ያሟሟል።

ሌሎቹን በአጭሩ፣ ይህን ለሚያነብ ሌላ ሰው

መሪ እስከ መጨረሻ ሲታጠፍ እየጮኸ የሚያቃስት መኪና አብዛኛውን ጊዜ የመሪ ዘይት ጎድሎታል ወይም አየር ገብቶበታል። ኮፈን ሥር የመሪ ዘይት ዕቃ ከሌለ መሪው በኤሌክትሪክ ነው፤ ይህ አንተን አይመለከትም። ዕቃው ካለ ዘይቱ አረፋ ሠርቶ እንደሆነ እይ፤ አረፋ ካለ ወደ ፓምፑ የሚገባው ቱቦ አየር እየሳበ ነው፣ ማሰሪያው ይጥበቅ ወይም ቱቦው ይቀየር። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዘይት ጨምር፤ በብዙ ቶዮታዎች ዴክስሮን ነው። የፍሬን ዘይት በፍጹም አይገባም፣ የውስጡን ላስቲኮች አሳብጦ ያፈርሳል። አየሩን ለማስወጣት የፊቱን አንሳ፣ ሞተሩን ሳታስነሳ መሪውን ከዳር ዳር በዝግታ ደጋግመህ አዙር፣ ዘይት እየጨመርክ፤ ከዚያ አስነስተህ ድገም። ዳር ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ብቻ ያዝ፤ እዚያ ላይ የሚሰማ ትንሽ ሽሽታ ጤነኛ ነው፣ አጥብቆ መያዝ ግን ፓምፑን ያቃጥላል። ጩኸቱ ሹል ከሆነና መሪ በጀመርክበት ቅጽበት ብቻ ከመጣ ቺንጊያው ላልቷል።

ቀጭን የብረት ፍቅፍቅታ፣ ሽሽሽ የሚል፣ ኩርባ ላይ የሚመጣና የሚጠፋ? ከጠጠር መንገድ ስትወጣ ከጀመረ ከፍሬን ዲስኩና ከጀርባው ቆርቆሮ መካከል ጠጠር ገብቷል። ጎማውን አውጥተህ ቆርቆሮውን በእጅ ገፋ አድርግ፣ ጠጠሩ ይወድቃል። ያለቀ የፍሬን ሸራም እንዲህ ይጮኻል፤ ጎማው ወጥቶ እያለ ውፍረቱን አብረህ እይ።

ኮብልስቶን ላይ ስትታጠፍ ብቻ ከመጣ፣ አስፋልት ላይ ከጠፋ፣ ሸክሙን የሚከተል ነው፤ መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያጋድል የሚይዘው የስታቢላይዘር ዘንግ ማያያዣ ወይም ጎሚኒው። ርካሽ ነው፣ መኪናም አይጥልም። የመሪ ዘንግ ጫፍ ግን ይለያል፤ ጎማውን በግራና በቀኝ ይዘህ ስትነቀንቅ ክፍተት ካለ መዘግየት የለም። ከተቀየረ በኋላም አላይመንት ግድ ነው።

ወደ ላሊበላ ወይም ወደ አምባሰል ገጠር በ4 በ4 የምትሄዱ፣ ከጭቃው ወጥታችሁ አስፋልት ስትይዙ ማርሹን ከ4 በ4 ወደ ሁለት ጎማ መልሱ። የፊትና የኋላ አክስሎች በአንድ ላይ ሲታሰሩ ኩርባ ላይ እኩል ያልሆነ መንገድ ይሄዳሉ፤ ልዩነቱ መውጫ ስለሚያጣ መኪናው ይንፈራገጣል፣ ጓ ይላል። ጭቃና ጠጠር ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት አይታወቅም። ብልሽት አይደለም፤ ካልተመለሰ ግን ብልሽት ይሆናል።

ወዳንተ ስመለስ፦ መንዳት ትችላለህ ወይ? ቦልጆይንቱ፣ የመሪ ዘንጉና የጎማው ንቅናቄ ደህና ከተገኘ፣ ቀጭታውም ጉምጉምታውም ለጥቂት ቀን ቀስ ብሎ መሄድ ይፈቅዳል፤ መሪ እስከ መጨረሻ ታጥፎ ጉልበት አትስጥ፣ ጭነት ቀንስ። ኩሽኔታው ክፍተት ካሳየ፣ ወይም ሐረጎን ጨርሰህ ስትቆም የቀኙ ቸርኬ መሃል ከግራው ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ፣ ያን ዕለት ቁም።

ለጋራዡ የምትለው ደግሞ ይህ ነው። የፊት ቀኝ ኩሽኔታ ጥፋተኛ ሆኖ ከተገኘ፣ እሱን ለማውጣት የአክስል ዳዶው፣ ቦልጆይንቱና የመሪ ዘንጉ ጫፍ መፈታታቸው አይቀርም። የሚጮኸው ጆይንት የዚያው ወገን ከሆነ አክስሉም በዚያው ይወጣል፤ የላይኛው መቀመጫም አሞርዛተሩ ተፈትቶ እያለ ይቀየራል። ስለዚህ የእጅ ዋጋ ሦስት ጊዜ አትከፍልም፤ ሥራው አንድ ጊዜ እንዲሆን ተዋዋል። አሞርዛተሩን ከጎማው አቃፊ ብረት ጋር የሚይዙት ሁለት ብሎኖች ከመፈታታቸው በፊት ቦታቸው ላይ በቀለም ምልክት ይደረግ፤ የጎማው ማዘንበል የሚለወጠው እዚያ ነው። በመጨረሻ አላይመንት ይታይ፤ አሮጌዎቹን ዕቃዎችም ተቀብለህ እይ፣ ኩሽኔታውን በጣትህ አዙረህ መንቆርቆሩን ስማ። ከተሠራች ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ የቸርኬ ዳዶዎቹን እንደገና አጥብቅ፤ ከደሴ ኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ያህል ነው።